አሮጌ የጌም ኮምፒውተር፦ እንዴት ይገጣጠማል? አልነሳ ሲልስ ከየት ይጀመራል?

“ቆራሌው!” እየተባለ ከየሰፈሩ ከሚሰበሰበው ዕቃ መሀል ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ የኮምፒውተር ሳጥን አይጠፋም። ብዙ ሰው “ሲፒዩ” ብሎ የሚጠራው ሳጥን ማለት ነው። ለአብዛኛው ሰው ቁርጥራጭ ብረት ስለሆነ በኪሎ ይሄዳል። ውስጡ ያለው ማሽን ግን ብዙ ጊዜ አልሞተም። ያቆመው ያለቀ ባትሪ፣ የቆሸሸ ራም ወይም ያበጠ ካፓሲተር ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ከእንዲህ ዓይነቱ ሳጥን የ1990ዎቹ መጨረሻ ጌሞችን የሚያጫውት ማሽን እንዴት እንደሚገጣጠም፣ አልነሳ ሲል ደግሞ ችግሩ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ እናያለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሴቭ አድርጉት፣ ስትሰሩ ያስፈልጋችኋል።

◾ ኢሙሌተር አይበቃም ወይ?

አንዳንዴ ይበቃል። የምትፈልጉት እንደ ዱም (1993) ያሉ የዶስ ጌሞችን ብቻ ከሆነ ማሽን መገጣጠም አያስፈልጋችሁም። ዶስቦክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከ2002 ጀምሮ አለ፤ ላፕቶፕ ላይም ስልክ ላይም የሚሰሩ ዓይነቶች አሉት።

ችግሩ የሚጀምረው ከ1996 እስከ 2001 አካባቢ በወጡት የዊንዶውስ ጌሞች ላይ ነው።

👉 ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም አያስነሳም። የዛን ጊዜ ብዙ ጌሞች፣ ጌሙ ራሱ 32 ቢት ሆኖ እንኳ መጫኛው 16 ቢት ነው። ሲዲውን ታስገባላችሁ፣ መጫኛውን ትነኩታላችሁ፣ አይከፈትም። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያለው በ64 ቢት ብቻ ነው።

👉 ሴፍዲስክ የሚባል የሲዲ ኮፒ መከላከያ ነበር። የሚሰራበት ድራይቨር የደህንነት ክፍተት ስለነበረበት ማይክሮሶፍት በ2015 ዊንዶውስ 10ን ሲያወጣ ከውስጡ አስቀረው። ስለዚህ ኦሪጅናል ሲዲ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰውም ጌሙ አይከፈትለትም።

👉 አንዳንድ ጌሞች የተሰሩት ግላይድ ለሚባል ሲስተም ነው። ግላይድ የሚሰራው ስሪዲኤፍኤክስ የሚባለው ኩባንያ ባወጣቸው የቩዱ ካርዶች ላይ ብቻ ነበር። ኩባንያው በ2000 መጨረሻ ንብረቱን ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማምቶ ከገበያ ወጣ።

አንዳንዱን በዘዴ ማለፍ ይቻላል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ጌሙን እንደገና ልግዛ ብትሉም ቀላል አይሆንም። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ በሽያጭ አይገኙም። ማሽኑ ብረት ሆኖ ሲሸጥ ጌሙን የማየት ዕድልም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው።

◾ መጀመሪያ ዘመኑን ምረጡ

ሁሉንም ጌም የሚያጫውት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር የለም። ዕቃ ከመፈለጋችሁ በፊት ለየትኛው ዘመን እንደሆነ ወስኑ።

👉 ዶስ (እስከ 1995 አካባቢ)፦ 486 ወይም የመጀመሪያው ፔንቲየም። እዚህ ጋ ፈጣን ማሽን ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው። የአንዳንዱ ጌም ፍጥነት ከፕሮሰሰሩ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ማሽኑ ሲፈጥን ጌሙም ይፈጥናል፤ ምን እንደነካችሁ ሳታዩ ትሞታላችሁ። በተርቦ ፓስካል የተሰሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ ከ200 ሜጋኸርዝ ገደማ በላይ በሆነ ፕሮሰሰር ላይ “ራንታይም ኤረር 200” ብለው ይዘጋሉ።

👉 ዊንዶውስ 98 (ከ1996 እስከ 2001 ለወጡ ጌሞች)፦ ፔንቲየም 2 ወይም ፔንቲየም 3።

👉 ዊንዶውስ ኤክስፒ (ከ2001 በኋላ)፦ ፔንቲየም 4 ወይም ኮር 2 ዱዎ። እነ ጂቲኤ ቫይስ ሲቲ እዚህ ምድብ ውስጥ ናቸው።

ቀጥሎ የምናወራው ስለ መሀለኛው ነው። የ1990ዎቹን መጨረሻ ጌሞች በደንብ ያጫውታል፣ ብዙ የዶስ ጌሞችንም ይችላል።

◾ ምን ምን ያስፈልጋል?

ማዘርቦርድ፦ መጀመሪያ የሚታየው ኤጂፒ ስሎት መኖሩ ነው። ከነጮቹ የፒሲአይ ስሎቶች በላይ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ቡናማ፣ ከነሱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስሎት ነው። ከቢሮ የወጣ ኮምፒውተር ስታገኙ ይሄንን ሳታዩ አትግዙ። ኢንቴል 810 ቺፕሴት ያላቸው ማሽኖች ለምሳሌ ግራፊክሳቸው ቦርዱ ላይ ስለሆነ ኤጂፒ ስሎት የላቸውም። ለጽሕፈት ጥሩ ናቸው፣ ለጌም ግን ያናድዳሉ።

ፕሮሰሰር፦ ከ500 ሜጋኸርዝ እስከ 1 ጊጋኸርዝ ያለ ፔንቲየም 3 በቂ ነው።

ራም፦ ፒሲ100 ወይም ፒሲ133 የሚባለው ዓይነት፣ በጠቅላላው 256 ሜጋባይት። ስልኬ 4 ጊጋ እያለው ይሄ ምን ይሰራል እንዳትሉ። ዊንዶውስ 98 ከ512 ሜጋባይት በላይ ራም ሲያይ ይምታታበትና ጭራሽ “ሚሞሪ አነሰኝ” ይላል። እዚህ ጋ ሲበዛ ይበላሻል።

ግራፊክስ ካርድ፦ ግላይድ የግድ ከሆነ ቩዱ 3 (1999) ነው። ሰብሳቢዎች ስለሚፈልጉት ግን ዋጋው ተሰቅሏል። ካልሆነ ጂፎርስ 2 ኤምኤክስ ወይም ቲኤንቲ 2 ብዙውን ጌም ያጫውታል። ኤጂፒ ባለ 3.3 ቮልትና ባለ 1.5 ቮልት ስላለው፣ ስሎቱ ላይ ያለው መከፋፈያና የካርዱ ክፍተት መግጠማቸውን እዩ። አልገባ ካለ በግድ አትግፉት።

ሳውንድ ካርድ፦ ለዊንዶውስ ጌም ፒሲአይ ሳውንድ ብላስተር ላይቭ ይበቃል። ለዶስ ጌም ግን ረጅሙ ጥቁር አይኤስኤ ስሎት ላይ የሚገባ ሳውንድ ብላስተር 16 ቢሆን ይሻላል፤ የዶስ ጌሞች በቀጥታ የሚያውቁት እሱን ነው።

ማከማቻ፦ የ25 ዓመት ሃርድ ዲስክን አትመኑ። ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው የካሜራ ሚሞሪ ካርድ የአሮጌውን የአይዲኢ ኬብል ቋንቋ ይናገራል፤ ትንሽ አዳፕተር ብቻ ነው የሚፈልገው። ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም፣ ነቅላችሁም ከላፕቶፕ ጌም ልትገለብጡበት ትችላላችሁ። 16 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው። ብዙ የዛ ጊዜ ባዮሶች ከ32 ጊጋ በላይ ዲስክ ሲያዩ ይቆማሉ፤ ዊንዶውስ 98 ራሱም ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ ከ137 ጊጋ በላይ አይችልም።

ፓወር ሰፕላይ፦ የዛ ዘመን ቦርዶች አብዛኛውን ኃይል የሚወስዱት ከ5 ቮልቱ (ከቀዩ ሽቦ) ነው። አዳዲሶቹ ደግሞ ኃይላቸው 12 ቮልቱ (ቢጫው) ላይ ነው። ስለዚህ “500 ዋት ነው” መባሉ ብቻውን አይበቃም። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡና በ5 ቮልት ስንት አምፔር እንደሚሰጥ እዩ።

◾ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት

ይሄን ክፍል አትዝለሉ። ዕቃ የሚቃጠለው፣ ሰውም የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

1. ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 115 ላይ ሊሆን ይችላል። በዛው የኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ድው ብሎ ያልቃል።

2. ዴል በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰራቸው ብዙ ማሽኖች ላይ የፓወር መሰኪያው መልኩ ከሌላው ጋር አንድ ነው፣ የሽቦዎቹ አቀማመጥ ግን የተለየ ነው። ተራ ፓወር ሰፕላይ ብትሰኩበት ይገባል፤ ግን ቦርዱን ሊያቃጥለው ይችላል።

3. ከዛ በፊት የነበሩት 486 እና ቀደምት ፔንቲየሞች ሁለት የተለያዩ የፓወር መሰኪያዎች አሏቸው። ደንቡ አንድ ነው፦ የሁለቱም ጥቁር ሽቦዎች መሀል ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው።

4. ፓወር ሰፕላዩን ራሱንና ጀርባው ወፍራም የሆነውን አሮጌ ሞኒተር አትክፈቱ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ውስጣቸው ኃይል ይቀራል። የሞኒተሩ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል።

5. ካፓሲተሮቹን እዩ። ቦርዱ ላይ የቆሙት ትናንሽ በርሜሎች ናቸው። ጭንቅላታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር የተፋ ካለ መቀየር አለበት። ከ1999 እስከ 2007 አካባቢ የተበላሸ ፈሳሽ የያዙ ካፓሲተሮች በብዙ ኩባንያዎች ዕቃ ውስጥ ገብተው ነበር። ዴል ብቻውን በ2005 ለእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ጥገና ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። መቀየሩ ከባድ አይደለም፤ ስልክ የሚጠግን ጎበዝ ልጅ ይሰራዋል። የማይክሮፋራዱ ቁጥር ያው ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይም በለጥ ያለ፣ የመቀነስና የመደመር ጎኑም እንዳይገለበጥ።

6. ባትሪውን እዩ። ፔንቲየም 3 ላይ ያለው ሲአር2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስለሆነ ቀይሩትና እለፉ። 486 ላይ ግን ቦርዱ ላይ የተበየደ በርሜል መሳይ ባትሪ ካለ ቶሎ አስነቅሉት። ፈሳሹ የቦርዱን መስመሮች ይበላል። አረንጓዴ የሆነ ቦታ ካለ በትንሽ አቼቶ ጥረጉት፣ ከዛ በአልኮል አጽዱና በደንብ አድርቁ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም።

◾ አገጣጠሙ

ሁሉንም ነገር ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ ከዛ አታብሩ። ቦርዱን ደረቅ ካርቶን ላይ አድርጉና በአራት ነገር ብቻ ጀምሩ፦ ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ እና ፓወር ሰፕላይ። ሃርድ ዲስክ የለም፣ ሳውንድ ካርድ የለም፣ ሲዲ የለም።

የደረቀውን የፕሮሰሰር ፔስት ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። ፔንቲየም 3 ከ1999 መጨረሻ በኋላ የወጣው ዓይነት ከሆነ መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቺፕ ሽፋን የላትም። ማቀዝቀዣው በአንድ በኩል ተጭኖ ከገባ ጥጓ ይሰበራል። ቀስ፣ እኩል።

ከዛ ቦርዱ ላይ “ፓወር” የሚል ምልክት ያለባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ አገናኙ። ፊደል ሞኒተሩ ላይ ከመጣ ግማሹ ሥራ አልቋል። አሁን አጥፉ፣ ሶኬት ንቀሉ፣ አንድ ነገር ጨምሩ፣ እንደገና አብሩ። አንድ በአንድ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከጨመራችሁና ካልሰራ፣ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ዊንዶውሱ ላይ ሁለተኛውን እትም (98 ኤስኢ፣ 1999) ተጠቀሙ፤ ዩኤስቢ ላይ ከመጀመሪያው ይሻላል። ካርዱን በፋት32 ፎርማት ካደረጋችሁ በኋላ የሲዲውን መጫኛ ፎልደር ወደ ካርዱ ገልብጡና ከዛው ጫኑ። አለዚያ ድራይቨር በጫናችሁ ቁጥር “ሲዲውን አስገባ” እያለ ያሰለቻችኋል። ድራይቨር ሲጫን መጀመሪያ የቺፕሴት፣ ቀጥሎ ዳይሬክትኤክስ፣ ቀጥሎ ግራፊክስ፣ መጨረሻ ሳውንድ። በየመሀሉ ሪስታርት።

◾ አልነሳ ሲል

አንድ መመሪያ ብቻ ያዙ፦ ወደ አራቱ ነገሮች ተመለሱ፣ ከዛ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

ምንም ምላሽ የለም፦ ሶኬቱን፣ ዲቫይደሩን፣ የፓወር ሰፕላዩን ጀርባ ማብሪያ እዩ። ቴስተር ካላችሁ፣ ማሽኑ በርቶ ከሆነ በቀይና ጥቁር ሽቦ መሀል ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት፣ በቢጫና ጥቁር መሀል ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መነበብ አለበት። ከዚህ ከወረደ ቦርዱን አትክሰሱ፤ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው።

ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ጥቁር ነው፦ በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ራሙን አውጡና ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ፈትጉ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ ሌላ ስሎት ላይ ሞክሩ። ግራፊክስ ካርዱንም እንደዛው። የኛ ሀገር ጠጋኞች መጀመሪያ ላጲስ የሚያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይጮሃል፦ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቦርዱ በሕይወት አለ። አዋርድ ባዮስ ከሆነ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ የግራፊክስ ካርድ ችግር ነው። የማያቋርጥ ጩኸት ብዙ ጊዜ ራም ነው። ድምፁ እንደ ባዮሱ ስለሚለያይ ቺፑ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቡ።

256 ሜጋ ራም 128 ሆኖ ይታያል፦ ራሙ አልተበላሸም። እንደ ኢንቴል 440ቢኤክስ ያሉ ቺፕሴቶች ጥቅጥቅ ያሉ ቺፖች ያሉትን ራም ግማሹን ብቻ ያነባሉ። በሁለቱም ጎን ቺፕ ያለው፣ በድምሩ 16 ቺፕ የያዘ ፈልጉ።

ዲስኩ አይታይም፦ ጃምፐሩን እዩ፤ አንድ ኬብል ላይ ሁለት “ማስተር” አይሆንም። የኬብሉ ቀይ መስመር ፒን 1 በሚለው በኩል መሆን አለበት። የፍሎፒው መብራት በርቶ አልጠፋ ካለ ኬብሉ ተገልብጦ ገብቷል።

ሰዓቱ ይጠፋል፣ ሴቲንጉ ይረሳል፦ ባትሪው ነው። አትመራመሩ።

ዶስ ጌም ላይ ድምፅ የለም፦ ጌሙ ውስጥ ያለውን የሳውንድ ሴትአፕ ክፈቱና አድራሻ 220፣ አይአርኪው 5፣ ዲኤምኤ 1 ብላችሁ ሞክሩ። ካልሆነ አይአርኪው 7። ሁለት ካርዶች አንድ አይአርኪው ላይ ከተጣሉ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የማትጠቀሙበትን የፕሪንተር መሰኪያ አጥፉ፤ ብዙ ጊዜ 7ትን የያዘው እሱ ነው።

10 ደቂቃ አጫውቶ ይደርቃል፦ ሦስት ተጠርጣሪ አለ። ሙቀት፣ ራም፣ ካፓሲተር። መጀመሪያ ጎኑን ክፈቱና የፕሮሰሰሩም የግራፊክስ ካርዱም ፋን መዞራቸውን እዩ። ቀጥሎ ሜምቴስት86 የሚባለውን ነፃ መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ ተውት፤ አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ራሙ ይቀየር። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ወደ ካፓሲተሮቹ ተመለሱ። መብራት በሚወዛወዝበት ሰፈር ከሆናችሁ ስታቢላይዘር አድርጉለት።

◾ መጨረሻ ላይ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 98 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ሐምሌ 2006 ላይ ነው። ከዛ ወዲህ የተገኘ ክፍተት አልተደፈነም። ስለዚህ ማሽኑን ኢንተርኔት ላይ አታገናኙት፤ ጌም በሲዲ ወይም በሚሞሪ ካርዱ አስገቡ።

ሌላም ነገር አለ። ከአሮጌ ሳጥን ጋር የምታገኙት ሃርድ ዲስክ ባዶ ላይሆን ይችላል። የቤታችሁ ከሆነ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ፤ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው የሠርግ ፎቶ ወይም የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ሊኖርበት ይችላል። የማታውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ ፋይሉን አትበርብሩ፣ አጥፉት።

የማይሰራውንም ቦርድ አትጣሉት፣ ኬብሉን ለመዳብ ብላችሁ አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። ራሙ፣ ባዮስ ቺፑ፣ ማቀዝቀዣው፣ ጃምፐሮቹ ሳይቀሩ ለሌላ ማሽን መለዋወጫ ናቸው። ምናለሽ ተራ ሄዶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ለአንዱ ቆሻሻ የሆነው ለሌላው የጎደለችው ዕቃ ናት።

ስለዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሳጥን ካለ፣ ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት ጎኑን ክፈቱና ሦስት ነገር እዩ፦ ኤጂፒ ስሎት አለው? ካፓሲተሮቹ ጠፍጣፋ ናቸው? ባትሪው አልፈሰሰም? ሦስቱም ደህና ከሆኑ፣ ላጲስና አዲስ ባትሪ ይዛችሁ ጀምሩ።